ኤርጋሽ አካ አይጠይቅም

መጥረጊያውን ሁለቱም ይዘውታል። ኤርጋሽ በእጀታው በኩል፣ መምህርቷ ሴቪንች በጭራሮው በኩል። እሱ አርባ ሊሞላው ነው፣ እሷ ገና ሃያ። እሱ ይጎትታል፣ እሷም ትጎትታለች። ተማሪዎቹ ገና ስላልመጡ የሚገላግል ሰው የለም።

"ኤርጋሽ አካ፣ በአላህ ይተዉት። የጽዳት ሠራተኛ አለችን እኮ።"

"እሷ ጥጋጥጉን አትነካውም፣ ኡስታ።"

"ኡስታ አይበሉኝ። ስሜ ሴቪንች ነው።"

"እሺ፣ ኡስታ።"

ልጅቷ ለቀቀችው። ምን ታድርግ። ኡዝቤኪስታን ውስጥ፣ እዚህ ማርጊላን፣ በዕድሜ የሚበልጥ ወንድ ሁሉ አካ ይባላል፤ ኡስታ የሚባለው ግን የእጅ ሙያ ያለው፣ ተለማማጅ የሚያሳድግ፣ ጢሙ እዚህ ድረስ የወረደ ሽማግሌ ነው። ሴቪንች ጢም የላትም። ካልሲዋ ላይ የድመት ሥዕል አለ። የምታስተምረውም ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበትን፣ "ይህን ደምር፣ ይህን አሳየኝ" ብሎ የሚያዝበትን ቋንቋ ነው። ኤርጋሽ ግን ያደገው ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ተራ ነው። እዚያ ያስተማረህ ሁሉ ኡስታህ ነው፣ አለቀ። ተለማማጅ ደግሞ ከኡስታው ቀድሞ ይመጣል፣ ይጠርጋል፣ ሻይ ያፈላል። ስለዚህ ኤርጋሽ የበረዶውን ወራት ሙሉ ቀድሞ መጣ፣ ጠረገ፣ አረንጓዴ ሻይ አፈላ። ሌሎቹ ተማሪዎች፣ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ጎረምሶች፣ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ እንደሰኩ እግራቸውን ብቻ ያነሱለታል።

ወደዚህ ያመጣው አንድ ማሽን ነው። አምና አንድ ነጋዴ ቆርቆሮ የሚያጥፍ ማሽን አስመጣና ተራው መግቢያ ላይ ተከለው። ቆርቆሮውን በአንድ በኩል ሲያጎርሱት በሌላው በኩል አሸንዳ ሆኖ ይወጣል። ተራው በሙሉ ተንጫጫ። አንዱ ረገመው፣ አንዱ ምራቁን ተፋ፣ አንዱ "ዝናብ ሲመታው እናየዋለን" አለ። ኤርጋሽ ብቻ መዶሻውን ጥሎ ሄደና ፍየል ሊገዛ እንደመጣ ሰው ዞሮ ዞሮ አየው። ያየው መታጠፉን አይደለም፤ ማጠፉንማ እሱም ያጥፋል። ያየው ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ነው። የት ጋ እንደሚታጠፍ ማነው የሚነግረው? ይቺ ነገር ገባችበት። ምሳ ሲበላ አሰባት። ጣሪያ ላይ ወጥቶም አሰባት፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ማሰብ ደግሞ ለአጥንት ጥሩ አይደለም።

ሞተር ብስክሌቱን ሸጦ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛ። ቆብ እየጠለፈች የቤቱን ዱቄትና ዘይት የምትሸፍነው ሚስቱ ዲልፉዛ ላፕቶፑን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ ሞተሩ ቢያንስ ገበያ ያደርሰን ነበር ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች። መተየብ ያስተማረችው ልጁ ኒጎራ ናት። "አባዬ፣ ሚስማር አይደለም እኮ" ትለዋለች፣ "አትምታው፣ ንካው።" መጀመሪያ ሰሞን እሱ ሲጽፍ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

የመጀመሪያው ቋንቋ ፓይተን ነበር። መስመሩን ስትጀምር በቦታው ክፍት ቦታ ካልተውክለት ይኮሳተራል። ሁለተኛው ጃቫስክሪፕት ስለ ክፍት ቦታ ደንታ የለውም፤ የከፈትከውን ቅንፍ ሳትዘጋ ብትሄድ ግን ጉድህ ነው። ኤርጋሽ ሁለቱንም ወደዳቸው። የማርጊላን ሰው ቤቱ ኡዝቤክኛ፣ ገበያ ታጂክኛ፣ ቢሮ ሩሲያኛ የሚያወራ ነው፤ ቋንቋ ሁሉ የየራሱ ጠባይ እንዳለው ለማወቅ ነጋሪ አያሻውም። እሱን የገረመው ሌላ ነው። አንዱን ሐሳብ በሁለቱም ብትናገረው ማሽኑ ያንኑ ያደርጋል። በፓይተን የሠራውን በጃቫስክሪፕት ደግሞ ይሠራውና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ብቻውን ይስቃል። ኒጎራ፣ አባዬ ከላፕቶፑ ጋር እየተሳሳቀ ነው ብላ ለእናቷ አሳብቃበታለች።

እንግዲህ መጥረጊያውን በተነጣጠቁበት ቀን፣ ተማሪዎቹ ሞልተው ሲቀመጡ፣ ሴቪንች ስልኳን ይዛ ፊት ለፊት ቆመች። የመጀመሪያው ዙር ዛሬ እንደሚያልቅ ነገረቻቸው። የመጨረሻ ሥራቸውን ያስገቡ ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋሉ። ፈርጋና ከተማ ያለው ድርጅት አስተምሮ የሚቀጥረው ከሁለተኛው ዙር ብቻ ነው። ያለፉትን ስም የቀትር አዛን ሳይሰማ ለኃላፊው ትልካለች። ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች። እንቅልፋሙን ልጅ ሳይቀር ጠራችው። ኤርጋሽን አልጠራችውም።

እረፍት ሲሆን ወደ ወንበሩ መጥታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ኤርጋሽ አካ፣ አይዘኑ። መስከረም ላይ ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ይጀምራሉ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።"

ኤርጋሽ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። "ለምን?" አላለም። ለምን አላለም ብትሉ፣ ተለማማጅ አይጠይቅም። ተለማማጅ በዓይኑ ይሰርቃል እንጂ በአፉ አይለምንም፤ የተራው ሕግ ይህ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ኡስታውን ምንም ጠይቆ አያውቅም። ይቺን ልጅማ እንዴት ብሎ።

የሚያናድደው ነገር፣ ሥራው አልቋል። ካለቀ ሰነባብቷል። በቆርቆሮ ተራ ግን "ጨረስኩ" ማለት ነውር ነው። ተለማማጁ የጨረሰውን ባልዲ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጥና ዝም ብሎ ሌላ ሥራ ይይዛል። ኡስታው ሲያልፍ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ ያደርገዋል። ካማረው ምንም ሳይል ወስዶ ይሰቅለዋል። ካላማረው ምንም ሳይል በእግሩ ይጨፈልቀዋል። ኤርጋሽም ፕሮግራሙን ሲጨርስ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ሴቪንች በምታልፍበት በኩል፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ሴቪንች አለፈች። ባትሪው እንዳያልቅበት ብላ ክዳኑን ዘጋችለት። በማግስቱም ከፍቶ አስቀመጠው። በማግስቱም ዘጋችለት። ቤቱ ገብቶ ተጨነቀ። አልሰቀለችውም፣ አልጨፈለቀችውም፣ ዘጋችው። እንዲህ ያለ ነገር በተራው ሕግ የለም። ገና ነው ማለቷ ይሆናል ብሎ እንደገና ሲያስተካክል ሰነበተ።

ሥራችሁን በቴሌግራም ላኩልኝ ብላ ነበር እኮ። ሰምቷል። ግን እሱ የመሰለው፣ መላክ የእነዚያ እዩኝ እዩኝ ባይ ጎረምሶች ነገር ነው።

ላፕቶፑን በከረጢት አንጠልጥሎ ወጣ። ወደ ቤት መሄድ አልፈለገም፣ ዲልፉዛ ፊት ስለ ሞተሩ ማውራት አልቻለም። እግሩ ራሱ ወደ ቆርቆሮ ተራ ወሰደው። መንገድ ላይ ምክንያቱን ያገኘው መሰለው። ከኡስታው ከቱርሱን ሲለይ ሳይመረቅ ነው የወጣው። የሚወጣ ተለማማጅ ኡስታው ወገቡን በመቀነት አስሮ፣ እጁን ዘርግቶ ይመርቀዋል። ሳይመረቅ የወጣ እጅ የያዘው አይጸናም ይባላል። ኤርጋሽ ደግሞ "ጀርባዬን አሞኛል" ብሎ ነው የቀረው።

ኡስታ ቱርሱን ደጁ ላይ የሣጥን ክዳን እየቀጠቀጠ ነበር። ግራና ቀኙም ይቀጠቅጣል። በዚያ ተራ ሲገባ ሰው ጥርሱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ኤርጋሽን አየና መዶሻውን ሳያቆም በአገጩ በርጩማ አሳየው።

"ጀርባህ እንዴት ነው?" ብሎ ጮኸ።

"ደህና ነው፣ ኡስታ።"

"ላፕቶፕ ሲሸከም የማያመው ጀርባ።"

ኤርጋሽ ጆሮው ጋለ። "ማን ነገረዎት?"

"ሚስትህ ሞተሩን መሸጥህን ለሚስቴ ነገረቻት። ሚስቴ ካወቀች እንግዲህ ታሽከንትም ያውቃል።"

አልተቆጣም ሽማግሌው። እንዲያውም ቀጥሎ ስለ ሥራ አነሳ። መንገዱ ዳር አዲስ የሠርግ አዳራሽ እየተሠራ ነው፤ ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ የክፈፉን ጥልፍ ሁሉ ለእሱ ሰጥተውታል። በማሽን የወጣውን አልፈለጉም። በጋውን ሙሉ የሚያሠራ ነው፣ ለሠራተኞቹ አለቃ ይሆንለት ዘንድ ኤርጋሽን ይፈልገዋል። ዛሬ እሺ ካለ ቅዳሜ ይወጣሉ። ኤርጋሽ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ለኡስታው እሺ ያለ ሰው እሺታውን አይመልስም። እሺ ካለ መስከረም የለም፣ ሁለተኛው ዙር የለም፣ ሳጥኗም የለችም። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

"ኡስታ፣ ተለማማጅ ለምንድነው የማይጠይቀው?"

"ምን?"

"የማንጠይቀው ለምንድነው?"

"ለመዶሻ?"

ኤርጋሽ ወደ ጆሮው ተጠጋ፣ እጁን አፉ ላይ እንደ ቧንቧ አድርጎ ደገመው። በዚህ ጊዜ ገባው። ሽማግሌው መዶሻውን አስቀመጠ። የጎረቤቱ መዶሻ ግን ቀጠለ።

"ስለማይሰማ ነዋ" አለ። "እዚህ ማን ማንን ይሰማል? የእኔ ኡስታ፣ አላህ ነፍሱን ይማርና፣ ደንቆሮ ነበር። የእሱ ኡስታ የባሰ ደንቆሮ። ይህን እንዴት ነው የማጥፈው ብዬ ስጠይቀው ራበኝ ያልኩ እየመሰለው ዳቦ ይሰጠኝ ነበር። ወፈርኩ እንጂ አልተማርኩም። ከዚያ መጠየቅ ተውኩ።"

"ለሥነ ምግባር አይደለም?"

"ሥነ ምግባሩ በኋላ መጣ። ነገር ሲያረጅ ሰው ሥነ ምግባር ያደርገዋል።"

ሃያ ዓመት የተሸከመው ዝምታ ከመዶሻ ጩኸት የመጣ ነው ማለት ነው። ይሳቅ ወይስ ያልቅስ? ሽማግሌው እያየው ነው።

"መምህርህ ደንቆሮ ናት?"

"አይደለችም። ኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩትን ትሰማለች።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?"

ስለ ጣሪያው ኤርጋሽ ምንም ሳይመልስ ተነሳ። ሽማግሌው ግን እጅጌውን ያዘው፣ መቀነት ስላልነበረው የራሱን መሃረብ ከአንገቱ ፈታ፣ የኤርጋሽን ወገብ ለመዞር አልደርስ ሲለው ቀበቶው ላይ ቋጠረለት። መዳፉን ዘርግቶ አጭር ምርቃት መረቀው። ሲጨርስ ፊቱን በእጁ አበሰና፣ ሳይሳካልህ ከቀረ ቅዳሜ በጠዋት ና፣ ከተሳካልህም ናና ሻይ ትጋብዘኛለህ አለው።

ኤርጋሽ ሮጠ። አርባ ሊሞላው የደረሰ ሰው፣ ቀበቶው ላይ አበባ ያለበት መሃረብ እየተወዛወዘ፣ ከረጢት ታቅፎ በገበያው መሐል ሲሮጥ አስቡት። ሐብሐብ ሻጩ ሌባ መስሎት "ያዘው" ብሎ ነበር።

ክፍሉ ሲደርስ ተማሪዎቹ ሳምሳ የሚሉትን ሳምቡሳ እየበሉ ነው። ሴቪንች መስኮቱ ጋ ቆማ ስሞቹን ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ኤርጋሽ አጠገቧ ሄዶ ቆመ። የሦስት ፎቅ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ አሁን የመስኮቱን ደፍ ያዘ።

"ኡስታ፣ ጨርሻለሁ።"

"ምኑን?"

"ሥራዬን። ካለቀ ቆይቷል።"

"ታዲያ ለምን አልላኩልኝም?"

"እስኪያንኳኩት እየጠበቅኩ ነበር።"

ሴቪንች አልገባትም። ኤርጋሽ አስረዳት፤ ባልዲውን፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ ጣቱን፣ እግሩን ሁሉ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፣ ከዚያ ግን ክዳኑን የዘጋችው ትዝ አላት መሰለኝ ፊቷ ቀላ። እሷም የራሷን ነገረችው። ምንም ስለማይጠይቃት ሁሉም የገባው መስሏት ነበር። ሥራ ሳያስገባ ሲቀር ደግሞ፣ ሰውየው ሰልችቶታል፣ የሚመጣው ለመጥረግ ነው ብላ ነበር።

ላፕቶፑን ከፈተ። ሴቪንች ጎንበስ ብላ በጣቷ መገጣጠሚያ ጎኑን ኳ ኳ አደረገችው። ለቀልድ ነው፤ ተማሪዎቹም ሳቁ። ኤርጋሽ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፕሮግራሙ የኤርጋሽ ሰፈር የውሃ ቦይ ነው። ጸደይ ሲመጣ ውሃው ለየጓሮው በተራ ይለቀቃል፣ በተራው ደግሞ ሰፈሩ በየዓመቱ ይጣላል። የቤቱን ባለቤት ስም ጽፈህ ቁልፉን ስትጫን ስሙ ተራ ይይዛል፣ ውሃው አሁን የማን እንደሆነም ያሳይሃል። ሴቪንች ኤርጋሽ የጠራላትን የጎረቤት ስም፣ ሐጂ ባባ ብላ ጻፈች። ስሙ ገባ። ሌላዋን ጎረቤት፣ ኦይኒሳ ብላ ጻፈች። ከሐጂ ባባ በታች ገባች። ሐጂ ባባን ደግማ ብትጽፈው እምቢ አላት፤ ሁለት ጊዜ ውሃ የለም። እውነተኛውን ሐጂ ባባ ይህን የነገረው ሰው እስከ ዛሬ የለም።

"ይሠራል" አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር። "ስምዎን እጨምራለሁ።"

መጻፍ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ኤርጋሽ ጉሮሮውን የጠረገው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

ሳምሳ የሚያኝኩት ማኘክ አቆሙ። እንቅልፋሙ ልጅ ነቃ። ኤርጋሽ አካ ሊጠይቅ ነው። እሱ ግን ወደ ማንም አላየም፤ በወፍራም ጣቱ ከስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር መስመር አሳየ።

"ይቺ ምን ትሠራለች?"

"ከሰሌዳው ገልብጠዋት ነው?"

"በዓይኔ ሰርቄያት ነው። ለምን እንዳለች አላውቅም።"

ሴቪንች አየቻትና ፈገግ አለች። ሁሉም ይጽፋታል፣ ታስፈልጋለች፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እንማራታለን አለችው። ይህን ስትል ስልኳ ጮኸ። ኃላፊው ነው፤ ስሞቹስ እያለ ነው። አዛኑም ሊል ምንም አልቀረውም።

"ኤርጋሽ አካ፣ አሁን አይንኩት" አለች። "ስም የምልከው ሥራው የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ከተበላሸ ዋሽቼ አልልክም። ልላክና ከዚያ እንነጋገራለን።"

ጥሩ ምክር ነው። እኔም ብሆን እሷን ሰምቼ እጄን ኪሴ እከት ነበር። ስሙ ግማሹ ተጽፏል፤ ዝም ቢል ዝም ማለቱ ራሱ ወደሚፈልገው ቦታ ያደርሰዋል። ዝም ማለት ደግሞ እንደ እሱ የሚችልበት የለም። ግን "ከዚያ" የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ስንት ነገር አጥፏል፣ በይዷል፣ ገጥሟል፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ከዚያ እጠይቃለሁ እያለ፣ ጥያቄው ሁሉ በመዶሻ ጩኸት ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል።

ምን እንደምትሠራ ስትጠፋ ይታያል ብሎ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ። አልመታውም፣ ነካው። መስመሯ ከቀኝ ወደ ግራ ፊደል በፊደል አለቀች። ሴቪንች "ኤርጋሽ አካ" አለች።

ገጹን እንደገና ከፈተ። ሐጂ ባባ ብሎ ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። ስሙ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ኦይኒሳ ብሎ ጻፈ። እሷም ብልጭ ብላ ጠፋች። የራሱን ስም ጻፈ፤ እሱም ጠፋ። ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ቀረ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ "በቃ፣ አበቃለት" ብሎ አንሾካሾከ። የሴቪንች አውራ ጣት ስልኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ኤርጋሽ ነጩን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየው። አልደነገጠም። ወንበሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ለእሷ ቦታ ለቀቀላት።

"ኡስታ" አላት፣ "የት ሄዱ?"